ኮቱን ያልገለበጠው

ውድ እትዬ፣

ትናንት ከምታገግሚበት ከአክስታችን ቤት ደውለሽ «ለመሆኑ በዚያ ቀን ምን ሆነ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ ውሃ ልጠጣ ብዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተነሳሁ። ውሃ አልጠማኝም ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ተመልሼ መጣሁና ስለ አክስታችን ጉልበት ጠየቅሁሽ። የገባሽ መሰለኝ። «እሺ፣ ሌላ ጊዜ» አልሽ።

ሌላ ጊዜው ይኸው ነው።

እማዬ የነገረችሽን አውቃለሁ። በእማዬ አተራረክ ሐኪሙን ያዘዘችው እሷ ናት፤ እሷ ባትኖር ኖሮ ሆስፒታሉ ራሱ በሩን ዘግቶ ይሄድ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን ግማሽ እኔ ልጻፍልሽ። አንቺ እዚያ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ነቅተሽ፣ እያወራሽ ነበርሽ፤ አሁን ግን አንዲት ቃል አታስታውሺም። የሆነው ነገር አንቺ ያደረግሽው ነው። የሌላ ሰው ዕቃ አደራ ተቀብሎ ባለቤቱ ሳይጠይቅ ቤት ውስጥ እንደማስቀመጥ ሆኖብኛል። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እግሬን ይመታኛል።

ደግሞ ሌላም አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንቺን መስማት አቅቶኛል። ስታወሪ ነገሩን ትቼ ቃላቱን እመረምራለሁ። ባለፈው «ማንኪያ» ለማለት ትንሽ ዘገየሽ፤ አፍሽ ውስጥ ምግብ ነበር። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ትንፋሼን ዋጥኩ። ቀኑን ሙሉ የሰው ጽሑፍ ሳርም የምውል ሰው ነኝ፤ ልማዱ ከማተሚያ ቤቱ ተከትሎኝ መጥቶ አንቺ ላይ ተቀመጠ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እሱንም ከላዬ ለማውረድ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሰባት ነው። ይህንንስ ታስታውሻለሽ። ከሥራ ስትወጪ ማተሚያ ቤታችን ድረስ መጥተሽ አስጠራሽኝ። በሩ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን፤ ማሽኑ ከውስጥ ጀርባችንን ይደበድበናል።

«ዛሬ ሰባትን አጣኋት» አልሽኝ እየሳቅሽ።

«የቷን ሰባት?»

«ቁጥሯን ነዋ! ሰሌዳ ላይ ጻፍኳት፣ አየኋት፣ ስሟ ግን እምቢ አለኝ። ተማሪዎቹ አፍ አፌን ያያሉ። ‹ይቺ፣ ከስድስት ቀጥላ ያለችው› አልኳቸው። ሳቁ። ቀልድ መሰላቸው።»

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ከሰባት በኋላ ሌሎችም ሄዱ። ቁልፍ። ሐሙስ። አንድ ቀን ጠዋት የኔ ስም። ይመለሱ ነበር፤ ግን እንደ ኮብላይ ልጅ፣ የት እንደዋሉ ሳይናገሩ። ከዚያ ምርመራ፣ ፎቶ፣ ሌላ ፎቶ። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ።

ገና ባየሽው ዕለት «ረጅሙ» ብለሽ ስም አወጣሽለት። በር ሲገባ አንገቱን ሰበር የሚያደርግ፣ ሲቀመጥ ጉልበቱ የት እንደሚገባ የሚቸግረው ሰው። ፎቶውን መብራቱ ላይ ለጥፎ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየን። አንጎልሽ ውስጥ ያለው እብጠት ከክፉዎቹ ወገን አይመስልም አለ፤ የተቀመጠበት ሰፈር ግን ክፉ ነው፤ ቃልና ቁጥር ከሚኖሩበት ጋር አጥር ለአጥር ነው። ስለዚህ ሲሠራ አንቺ ነቅተሽ ታወሪያለሽ። ቆዳው ይደነዝዛል፤ አንጎል ራሱ ሕመም አያውቅም።

«ነቅታ?» አለች እማዬ። «ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ እኮ ጥፍሯ ሲቆረጥ ጎረቤት የምትጠራ ናት!»

«እማዬ፣ አሁንማ አደግሁ።»

«ያደገውስ ጩኸትሽ ነው።»

ረጅሙ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ። እኔ ፎቶውን አየሁ። ነጭ ጭጋግ ነው፤ የትኛው አንቺ፣ የትኛው እብጠቱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

የንግግር ባለሙያዋን ያገኘናት በዚያው ሳምንት ነበር። ትልቅ መነጽር ያላት ወጣት፤ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ይዛ መጣች። ድመት፣ መሰላል፣ ጃንጥላ። ሐኪሙ እየሠራ እሷ ካርዱን ታሳይሻለች፣ አንቺ ስሙን ትያለሽ። ካርዶቹን አየሽና በትሕትና ገፋሽላት።

«ልጄ፣ ጃንጥላ እያልኩ ከዚህ ብወጣ ምን ይረባኛል? እኔ ጃንጥላ አላስተምርም።»

«ታዲያ ምን ልጠይቅዎት?»

«እኩልነት ጠይቂኝ። ኤክስና ዋይ አንድ ላይ ያሉበትን ስጪኝና ‹ዋይን ብቻዋን አውጪ› በይኝ። እሱን የማደርግ ከሆነ ሌላው ሁሉ አለ ማለት ነው።»

ልጅቷ ረጅሙን ቀና ብላ አየችው። ረጅሙ ጥቂት አሰበና መጥፎ ሐሳብ አይደለም፣ ቁጥሩንም ቃሉንም ሥርዓቱንም አንድ ላይ ያሳየናል አለ። ከዚያ ውሉን ነገረን። ልክ ስትመልሺ እጁ ይቀጥላል። ስትሳሳቺ እጁን ያነሳል፤ ያልወጣው እዚያው ይቀራል።

«የቀረውስ ምን ይሆናል?» አልኩት።

«ሊያድግ ይችላል። ያኔ እንደገና እንከፍታለን። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል።»

ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆምሽ። እማዬ ቀድማን ወርዳ ከታች ቦርሳዋን ትፈትሽ ነበር።

«ሳይጨርስ ቢያቆም አንድ ነገር ነው» አልሽኝ። «እሱ ጨርሶ እኔ ባልኖርስ? ስሚኝ። ሰሌዳ ፊት ቆሜ ዋይን ብቻዋን ማውጣት ካቃተኝ፣ እባክሽ ወደ መማሪያ ክፍሌ እንዳታስገቢኝ። ልጆቹ ያን እንዳያዩ። በሩ ላይ መልሺኝ።»

«እሺ» አልኩሽ። ለሕፃን እሺ እንደሚባለው። አንቺ ግን እንደ ትልቅ ሰው ተቀበልሽኝ፤ እጄን ጨበጥሽ።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ እየመጣች አለማመደችሽ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ትይዩ ተቀምጣችሁ። አንዴም አልተሳሳትሽም። ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ቀጥ ብለሽ፣ ያለ ቀልድ። ይህን ያዢልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

አሁን የአባዬን ኮት ልንገርሽ። ታውቂዋለሽ፤ ግን እኔ እንዴት እንደማውቀው አታውቂም። እኔ የማውቀው ከአልጋ ነው።

አባዬ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ይሠራ ነበር። ሲመለስ ሰጋቱራ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ነበረው፤ እኔ ደግሞ አስም። ሰጋቱራ ሲገባ ትንፋሼ ይወጣል። ስለዚህ እማዬ ሁለት ጨርቅ ገጥማ ባለ ሁለት ፊት ኮት ሰፋችለት፤ አንዱ ፊት ግራጫ፣ አንዱ ቡናማ። ግራጫው የሥራ ነው፣ ቡናማው የቤት። አባዬ ውጭ ሆኖ ያራግፈዋል፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ያወልቅና ይገለብጠዋል፣ ግራጫው ወደ ውስጥ ተደብቆ ቡናማው ወጥቶ ይገባል። ጠዋት ሲወጣ ደግሞ በተቃራኒው። ቤታችን ውስጥ ደፍ የተሻገረ ሁሉ ኮቱን ይገለብጣል።

የበሩ ዘበኛ አንቺ ነበርሽ። አባዬ አንዳንድ ቀን ሆን ብሎ ግራጫውን እንደለበሰ ይመጣና አንድ እግሩን አንስቶ ደፉ ላይ ይቆም ነበር። አይገባም፣ አይወጣም፣ አይናገርም። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ዝም ብሎ አንቺን ያያል። አንቺ የትም ሁኚ፣ የምትሠሪውን ጥለሽ «ኮትህ!» ብለሽ ትጮኻለሽ። ያኔ አባዬ፣ «እሰይ! አንድ ሰው ነቅቷል» ይላል። እኔ ከአልጋዬ ሆኜ የምሰማው ይህን ነው። መጀመሪያ ዝምታ። ከዚያ ያንቺ ጩኸት። ከዚያ የሱ ድምፅ። ከዚያ ትንፋሼ እንደማይቆረጥ አውቃለሁ።

አንቺ መምህርት ሆነሽ እኔ ክፍልሽ ውስጥ በተቀመጥኩ ዓመት፣ የእኩል ምልክቱን ሰሌዳው ላይ ስትስዪ «ይህ ደፍ ነው» ስትይ ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ዋይ ቤቱን ለብቻዋ ትፈልገዋለች፤ እንግዳው ይውጣ። ሲወጣ ደፉን ይሻገራል፤ ሲሻገር ኮቱን ይገለብጣል። ሲደመር የነበረው ሲቀነስ ሆኖ ይወጣል፣ ሲቀነስ የነበረው ሲደመር። ከሁለቱም ወገን እኩል እየቀነስን ነው ብለሽ ቆይተሽ በሥርዓቱ አስረዳሽን፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት ገብቶኝ ነበር።

ደግሞም ሆን ብለሽ ትሳሳቺ ነበር። የወር ፈተና ላይ አይደለም፤ ስታስተምሪ ብቻ፣ ክፍሉ ሲያንቀላፋ። አንዱን ኮቱን ሳይገለብጥ ታሻግሪውና ጠመኔሽን አንስተሽ ወደ እኛ ዞረሽ ትቆሚያለሽ። ዝም። ፊትሽ ላይ ምንም የለም። አንዱ «ኮትህ!» እስኪል ድረስ፤ ሲል «እሰይ! አንድ ሰው ነቅቷል» ትያለሽ። በእውነት ስትሳሳቺ ግን ዝም አትይም ነበር፤ እያወራሽ ታልፊዋለሽ፣ ኋላ ራስሽ ታገኚዋለሽ፣ ትናደጃለሽ። እኔ ስህተት መፈለግ የተማርኩት እዚያ ነው። ሥራዬ የሆነውም ከዚያ ይመስለኛል። ክፍሉ ውስጥ ማንም የማያውቀውን ግን አውቅ ነበር፤ ስትቆሚ የምትቆሚው እንደ አባዬ ነው።

እንግዲህ ያ ቀን።

ኮሪደሩ ውስጥ ያሉት ወንበሮች አንድ ብረት ላይ የተበየዱ ናቸው። አንዱ ሲነቃነቅ ሁሉም ይነቃነቃል። እማዬ ጉልበቷን ስታንቀጠቅጥ እኔም አብሬ እንቀጠቀጣለሁ፣ ከወዲያ ጫፍ የተቀመጠው የማናውቀው ሰውዬም እንዲሁ። በሩ ላይ ክብ መስታወት አለ፤ ከውስጥ ወረቀት ለጥፈውበታል። የውሃው ማሽን ማንም ሳይነካው ጉርጉር ይላል።

ከቢሮ ያልታረመ ገጽ ይዤ ሄጄ ነበር። ስለ ንብ እርባታ። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። እንደገና አነበብኩ። ንግሥቲቱ ከቀፎው አልወጣችም።

እማዬ ተነስታ በሩ ጋ ሄደች። ዘበኛው መጣ።

«እማማ፣ እዚህ መቆም አይፈቀድም።»

«አልቆምኩም። እየጠበቅሁ ነው።»

«እሱንም ተቀምጠው ነው እንጂ።»

«አንተ ታዲያ ለምን ቆመሃል? ተቀመጥ፣ የኔ ልጅ። የእግር ሥር ያመጣብሃል።»

ዘበኛው ዞር ብሎ ወንበሮቹን ሲያይ በሩ ተከፈተ። የንግግር ባለሙያዋ ናት። ጭምብሏን አገጯ ላይ አውርዳለች፤ መነጽሯ ጉም ለብሷል። እየሮጠች አይደለም፤ ግን መሮጧን የተወችው በሩ ጋ ስትደርስ እንደሆነ ያስታውቃል።

ተነሳሁ። ወንበሮቹ ሁሉ ተንቀጫቀጩ።

«ደኅና ናቸው» አለች ቶሎ ብላ። «ነቅተዋል፣ ያወራሉ። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እስካሁን ሁሉንም ልክ መልሰዋል። አሁን የመጨረሻው ቦታ ላይ ነን፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ‹ሦስት ኤክስ ሲደመር ዋይ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት፤ ዋይን ብቻዋን ያውጡ› አልኳቸው። ‹ዋይ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት ሲደመር ሦስት ኤክስ› አሉኝ።»

«ሲደመር?»

«ሲደመር። ሲቀነስ መሆን ነበረበት። ሐኪሙ እጁን አንስቷል።»

«ደግማችሁ አልጠየቃችኋትም?»

«ጠየቅኋቸው። መልስ የለም። ዝም ብለው ያዩኛል። ሐኪሙ ‹በደኅናው ቀን እንዲህ ይሳሳታሉ ወይ? ቤተሰብ ጠይቂልኝ› አለኝ። ይሳሳታሉ ካላችሁኝ ይቀጥላል። አይሳሳቱም ካላችሁኝ ያቆማል። ብዙ ማቆየት አንችልም።»

እትዬ፣ እኔ ቢሮ ውስጥ የሚያጠራጥር ነገር ሳገኝ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? ኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። «እንዲህ ለማለት ነው?» እልና ለደራሲው እመልሳለሁ። አልወስንም። ደመወዝ የሚከፈለኝ ለመጠራጠር እንጂ ለመወሰን አይደለም። እዚያ ኮሪደር ውስጥ ደራሲዋ ከበሩ ወዲያ ናት፤ ጥያቄውን መልሼ የምልክላት መንገድ የለም።

አትሳሳትም ብል፣ የቀረው ይቀራል። ትሳሳታለች ብዬ ውሸት ከሆነ፣ ረጅሙ እጁን ወደ ሰባት፣ ወደ ሐሙስ፣ ወደኔ ስም ይከታል።

ልምምዱ ትዝ አለኝ። አንዴም አልተሳሳትሽም።

«ከዚያ በፊት ምን አለች?» አልኳት።

«ምንም። ማለቴ፣ ትንሽ ተቀላቅሎባቸዋል። መድኃኒቱ ነው። ‹ዛሬ ሁላችሁም ዩኒፎርም ለብሳችሁ መጣችሁ፣ ጎበዞች› አሉን።» አረንጓዴ ልብሷን ዝቅ ብላ አየች፤ ያን ጊዜ ገና ያየችው ይመስል። «ማደንዘዣ ሰጪው ደግሞ ከኋላ ከነርሷ ጋር ሲያወራ ‹አንተ ከኋላ፣ ትምህርቱን ጨርሰኸዋል?› አሉት።»

እማዬ እጅጌዬን ይዛ ነበር። መቼ እንደያዘችኝ አላውቅም።

«ምንድን ነው የምትለው? ምን አጠፋች?»

እንዴት ልንገራት? እማዬ ኤክስ አታውቅም፣ ዋይ አታውቅም። ያለን ቋንቋ አንድ ነው።

«እማዬ፣ እንግዳው ደፉን ሲሻገር ኮቱን አልገለበጠም።»

«ማን? እሷ አሳልፋው?»

«እሷ።»

«እሷ ኮት አታሳልፍም!» አለች እማዬ፤ ዘበኛው ዞር አለ። «አባትሽን አንድ ቀን አሳልፋው ታውቃለች? አንድ ቀን!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ልጅቷን ጠየቀቻት። «አሁን ምን እያደረገች ነው አልሽ?»

«ዝም ብለው ያዩናል፣ እናቴ።»

«ፊቷስ?»

«ፊታቸው ላይ ምንም የለም።»

እማዬ ወደኔ ዞረች። አንዳችን የምንለውን ሌላችን እንድትለው የጠበቅን ይመስለኛል።

«አባትሽ እንዲያ ነበር የሚቆመው» አለችኝ።

የእማዬ ግማሽ ይህ ነው። እውነቷን ነው፤ ስትነግርሽ አታቋርጪያት።

ልጅቷን ክንዷን ያዝኳት። «ግቢና ‹ኮትህ!› በሏት። እንደ ልጅ፣ ጮክ ብላችሁ።»

«ኮትህ?»

«ኮትህ። ለምን እንደሆነ ኋላ እነግርሻለሁ። ‹አንድ ሰው ነቅቷል› ካለች ልክ ናት። ይቀጥል።»

«ካላሉስ?»

ወደ እማዬ ዞርኩ።

«ትላለች» አለች እማዬ። «ሂጂ።»

በሩ ተዘጋ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ብዙ መጻፍ ነበረብኝ፤ ግን ብዙ የለም። የውሃው ማሽን። ወረቀት የተለጠፈበት መስታወት። የእማዬ ጣቶች እጅጌዬ ላይ። ወዲያ ጫፍ ያለው ሰውዬ ሳይጠየቅ ተነስቶ ቆመ፤ ምናልባት ወንበሩ እንዳይነቃነቅብን ብሎ። ደረቴ የልጅነቱን ሥራ ጀመረ፤ አየር ይገባል፣ አይወጣም። አልጋ ላይ እንደተኛሁ ተሰማኝ። ደፉ ላይ አንድ ሰው አንድ እግሩን አንስቶ ቆሟል፤ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ የሚጮኸው ሰው ግን በዚህ ጊዜ ከበሩ ወዲያ ነው፤ የቆመውም ሰው አንቺው ነሽ።

ለራሴ «ኮትህ» አልኩ። በሹክሹክታ። ማንም አልሰማኝም።

በሩ ሲከፈት ልጅቷ ሙሉ በሙሉ እንኳ አልወጣችም። ጭንቅላቷን ብቻ አውጥታ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ ተንሸራቶ፣ «አሉ!» አለች። «አሉ! ቀጥለናል!» መልሳ ዘጋችው።

እማዬ ተቀመጠች። ከዚያ ወንበሮቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። የምታለቅስ መስሎኝ ጎንበስ ስል እየሳቀች ነው፤ አፏን በሻርፗ ይዛ፣ ዓይኗ እየፈሰሰ። «አንድ ሰው ነቅቷል!» ትላለች። «ራሷ ናት የነቃችው! ጭንቅላቷ ተከፍቶ!» ወዲያ ጫፍ ያለው ሰውዬ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮን ሳቀ። ዘበኛውም መጣ፤ ሊቆጣን ነበር፤ እማዬ እጁን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው።

ትንፋሼ እስከ ታች ወረደ። ይህን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። እማዬ ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ የተጨማደደ ደረቅ ዳቦ ነው። ቆሜ በላሁት። ፍርፋሪውን ከመዳፌ ልሶ የሚበላ ሰው ሆንኩ። የንቡን ገጽ አነሳሁና አነበብኩት። ንግሥቲቱ ወጣች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ የተገደፈ ፊደል አገኘሁ። ደስ አለኝ።

የሆነውን ልጅቷ ኋላ በዝርዝር ነገረችኝ። መጀመሪያ ጆሮሽ አጠገብ ጎንበስ ብላ በቀስታ «ኮትህ» አለች። ምንም። ወጣት ናት፤ ሐኪም ቤት ውስጥ መጮህ ነውር ሆኖባታል። ረጅሙ እጁን እንዳነሳ ነው። ያኔ ማደንዘዣ ሰጪው፣ ያ ከኋላ ሲያወራ የያዝሽው፣ ባለ በሌለ ድምፁ «ኮትህ!» ብሎ አምባረቀ። አንዲት ነርስ መቀስ ጣለች።

አንቺ ፈገግ አልሽ።

«እሰይ! አንድ ሰው ነቅቷል» አልሽ። «ከኋላ ነው አይደል? ሁልጊዜ ከኋላ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሦስት ኤክስ ደፉን ሲሻገር ኮቱን ይገለብጣል። ዋይ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት ሲቀነስ ሦስት ኤክስ። ዋይ ብቻዋን ቀረች። ጻፉ።»

«ጽፈናል፣ መምህር» አለ ረጅሙ። እጁንም አወረደ።

ሲወጣ በሩ ላይ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ቆቡ ላብ ጠጥቶ፣ እማዬን ነበር ቀድሞ የፈለገው። «ሁሉንም አውጥተናል» አላት። «ምንም አልቀረም። እኔ ግን ዘንድሮ እንደገና ክፍል ገባሁ።» እማዬ ጎንበስ ብሎ እንዲስማት ጠበቀች፤ እሱ ደግሞ ከፍታው አልመች ብሎት ትከሻዋን ሳመ።

አሁን አንድ ነገር ይቀረኛል፤ ካልጻፍኩት ይህ ሁሉ ማታለል ይሆናል። ያን ስህተት ሆን ብለሽ ሠርተሽው እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት የምርሽን ተሳስተሽ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ኤክስ በእውነት አምልጦሽ፣ ዝምታሽም በእውነት ባዶ ሆኖ፣ «ኮትህ» የሚለው ጩኸት ከየትኛው ክፍል እንደሆነ እንጃ አባዬን ቀስቅሶ አምጥቶልሽ። ረጅሙን ጠይቄዋለሁ። «እኔ የማየው ቦታውን ነው» አለኝ። «ቦታው ውስጥ የሚታሰበውን አይደለም። ልክ መለሱ፤ ቀጠልኩ።» ብዙ ቀን ይህን ጥያቄ ኅዳጉ ላይ ይዤ ዞርኩ። ዛሬ ስጽፈው ግን አነሰብኝ። ወጥመድ ከነበረ አንቺ ነሽ። ወጥመድ ካልነበረም፣ ሲጠሩሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ። የጥያቄ ምልክቱን አጥፍቼዋለሁ።

ትናንት ስልኩን ልትዘጊ ስትይ በቀልድ አስመስለሽ «ታዲያ ክፍል ያስገቡኝ ይሆን?» አልሽ። ደረጃው ላይ የገባሁልሽ ቃል እንዳለ ረስተሽው አይደለም፤ ያንን አልረሳሽም። እንግዲህ ስሚኝ፣ እትዬ። ልጆቹ መምህራቸው ጭንቅላቷ ተከፍቶ ሐኪሞችን እንዳስተማረች ሰምተዋል፤ እማዬ አንድ ሰው ቀርቷት ካልሆነ ለሁሉም ነግራለች። የሚጠብቁሽ አዝነው እንዳይመስልሽ፤ ስትሳሳቺ ሊይዙሽ ተዘጋጅተው ነው። በሩ ላይ የምመልስሽ እኔ አይደለሁም። በሩ ድረስ አብሬሽ መጥቼ፣ ከውስጥ ዝምታውን ሰምቼ፣ ጩኸቱን ሰምቼ፣ ከዚያ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

ስትደውዪም ከእንግዲህ ቃላትሽን አልመረምርም። «ማንኪያ» ቢዘገይ፣ አፍሽ ሙሉ ነው እላለሁ።

ከመሰናበቴ በፊት፣ የአክስታችን ቤት እንዳያሰለችሽ አንድ ልሥራልሽ። ከትምህርት ቤት ወዲህ ነክቼው አላውቅም፤ እጄ ግን አልረሳም።

አምስት ኤክስ ሲደመር ዋይ እኩል ይሆናል ሃያ።

ስለዚህ ዋይ ብቻዋን ስትቀር፣ ዋይ እኩል ይሆናል ሃያ ሲደመር አምስት ኤክስ።

አንድ እግሬን አንስቼ ደፉ ላይ ቆሜያለሁ። ፊቴ ላይ ምንም የለም። ስልኩን አጠገቤ አድርጌ፣ ዝም ብዬ እጠብቅሻለሁ።

ትንፋሿን የጠበቅሽላት
ታናሽሽ